የኮምፒውተር ዩፒኤስ ለሰምፕ ፓምፕ ይበቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ

አይበቃም። ሰምፕ ፓምፕ ማለት በምድር ቤት ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ ዩፒኤስ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ ነው። ባለ 1/3 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 800 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ሞተሩ በሚነሣበት ቅጽበት ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ ለኮምፒውተር የገዙት ትንሽ ዩፒኤስ ወዲያው ይዘጋል።

የእርስዎ ቤት በጥያቄዎ እንዳሉት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከሆነና መብራቱ የሚጠፋው ነጎድጓዱ በበረታበት ሰዓት ከሆነ፣ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከዋናው ፓምፕ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕ ያስገጥሙ፤ ዋናው ቢቃጠል ወይም ተንሳፋፊ ማብሪያው (ውሃው ከፍ ሲል አብሮ ተነሥቶ ፓምፑን የሚያስነሣው) የጉድጓዱ ግድግዳ ይዞት ቢቀር እንኳ ይደርስልዎታል። ባትሪው ዲፕ ሳይክል የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ተራ የመኪና ባትሪ ደጋግሞ እስከ ታች ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል።

ጄነሬተር ካሰቡ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ ይቁም። በሩ ክፍት ቢሆንም ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አያስነሡት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው በተኛበት ይገድላል።

በየቤቱ ደጋግሜ ያየሁት ችግር ግን፣ ባትሪው ተገዝቶ ከተቀመጠ በኋላ ማንም ሳይሞክረው መድከሙ ነው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የዋናውን ፓምፕ ሶኬት ነቅለው፣ የባትሪው ፓምፕ እስኪነሣ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ በባልዲ ውሃ ያፍስሱ፤ ከዚያም ውጭ ወጥተው ውሃው በቱቦው መውጣቱን በዓይንዎ ይመልከቱ።