አንድ ዲሽ ለአርባ ቤት ይበቃል?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከከተማ ርቀው ብዙ ቻናል ማየት ከሚፈልጉ አንባቢዎች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ መንደራችን ውስጥ አርባ ያህል ቤት አለ። በየቤቱ ዲሽ ከመትከል አንድ ትልቅ ዲሽ ተክለን በገመድ ለሁሉም ብናከፋፍል አይሻልም ወይ? ሞክረን ነበር፤ ነገር ግን ሪሲቨሩ ያለበት ቤት ቻናል ሲቀይር የሁላችንም አብሮ ይቀየራል።

መልስ፦ ያከፋፈላችሁት ሪሲቨሩ የፈታውን ምስል ነው። አንድ ተራ ሪሲቨር ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን የሚልከው በአንድ ጊዜ አንድ ቻናል ብቻ ስለሆነ ገመዱ ይዞ የሚሄደው ያንኑ ነው። ዲሹን ማሳደግ ይህን አይፈታም። የዲሽ ስፋት የሚወስነው ሲግናሉ ዝናብና ደመና ሲመጣ ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው፤ ስንት ቤት እንደሚያይ አይደለም።

እያንዳንዱ ቤት የፈለገውን እንዲያይ ሦስት መንገድ አለ። ከመምረጣችሁ በፊት ግን ሜትር ያዙና ከቤት ወደ ቤት ያለውን ርቀት ለኩ። ወጪውን የሚቆልለው የቻናሉ ብዛት ሳይሆን የገመዱ ርዝመት ነው።

ቤቶቹ በየማሳው ተበታትነው ከሆነ ለየቤቱ ዲሽ ትከሉ። ለምሰሶ፣ ለገመድና ለአምፕሊፋየር (ሲግናል ማጉያ) የሚወጣው በአርባ ትናንሽ ዲሽ ከሚወጣው ይበልጣል። ደግሞም የጋራ መስመር አንድ ቦታ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ሁሉ ይጨልምበታል።

ጥቂት ቤቶች ብቻ ተጠጋግተው፣ ከዲሹ እስከ 50 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ካሉ መልቲስዊች፣ ማለትም የአንዱን ዲሽ ሲግናል ለብዙ ሪሲቨሮች የሚያከፋፍል ሳጥን፣ ይበቃቸዋል። ባለ 8፣ ባለ 16 እና ከዚያም በላይ መውጫ ያላቸው አሉ። የሚያስፈልገው ኤል ኤን ቢ (ከዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ) ኳትሮ የሚባለው ነው። ኳድ ከሚባለው ጋር እንዳታምታቱት፦ ሁለቱም አራት ቀዳዳ አላቸው፤ ኳድ ግን በቀጥታ አራት ሪሲቨር ላይ የሚሰካ ሲሆን፣ ኳትሮ የሳተላይቱን አራት የሲግናል ክፍሎች ለየብቻ አውጥቶ ለመልቲስዊቹ ይሰጣል። ኳድ ገዝቶ የመጣ ሰው ግማሹን ቻናል አጥቶ ጥፋቱን በዲሹ ላይ ሲያላክክ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሪሲቨር ይይዛል።

አርባውም ቤት ተጠጋግቶ የተሠራ ከሆነ ሦስተኛው መንገድ ያዋጣል፤ ትራንስሞዱሌተር። መሣሪያው የሳተላይቱን አንድ ሙሉ ትራንስፖንደር፣ ማለትም በአንድ ፍሪኩዌንሲ የታጨቁትን ቻናሎች በሙሉ፣ ወደ ኬብል ቴሌቪዥን ሲግናል ይለውጣል። ተመልካቹ ሪሲቨር አያስፈልገውም፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይፈልጋቸዋል። ለዚህ ግን ቴሌቪዥኑ ዲቪቢ ሲ የሚባለውን ዲጂታል የኬብል ሲግናል የሚቀበል መሆን አለበት፤ ከመግዛታችሁ በፊት በየቤቱ ዞራችሁ ሜኑው ውስጥ አረጋግጡ። 8 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው የኬብል ቻናል በ64 ኳም (ኳም መረጃው በሲግናሉ ላይ የሚጫንበት ዘዴ ነው) በሰከንድ 38 ሜጋቢት ያህል፣ በ256 ኳም ደግሞ 51 ያህል ይይዛል። ትራንስፖንደሩ ከዚያ በላይ ከጫነ የማይፈለጉትን ቻናሎች መጣል ግድ ነው፤ አለበለዚያ ሁሉም ይቆራረጣል።

አሁን ወደ ገመዱ። በ800 ሜጋኸርዝ ላይ 100 ሜትር የአርጂ 6 ገመድ፣ ማለትም የተለመደው የዲሽ ገመድ፣ ከሲግናሉ 19 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሲግናል መዳከምና መጉላት መለኪያ) ገደማ ይበላል። በ200 ሜጋኸርዝ ግን ከ10 አይበልጥም። ስለዚህ ትራንስሞዱሌተሩን ስታስተካክሉ ቻናሎቹን ከታችኛው ፍሪኩዌንሲ ጀምራችሁ ደርድሩ፤ በዚያው ገመድ እጥፍ ርቀት ትሄዳላችሁ። ይህን የሚያደርግ ጫኚ ብዙ አይገኝም፤ ወጪ ግን የለውም። ዋናውን መስመር ወፍራሙን አርጂ 11 አድርጉት፤ በ200 ሜጋኸርዝ 100 ሜትሩ የሚበላው 6 ዲቢ ያህል ነው።

በየቤቱ መታጠፊያ ላይ ስፕሊተር ሳይሆን ታፕ፣ ማለትም ከዋናው መስመር ጥቂት ብቻ ቀንሶ ለቤቱ የሚሰጥ መክፈያ፣ ይገባል። ስፕሊተር ሲግናሉን እኩል ስለሚከፍል መጨረሻ ያለው ቤት ባዶ ይቀራል። ለመነሻው ቅርብ ለሆኑት ባለ 20 ዲቢ ታፕ፣ ለሩቆቹ ባለ 8 ወይም ባለ 11 ስጡ። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ከ60 እስከ 70 ዲቢ ማይክሮቮልት (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ከተገኘ ጥሩ ነው። ከ80 ሲያልፍም ምስሉ እንደ ደካማ ሲግናል ይቆራረጣል፤ አምፕሊፋየር በተጨመረ ቁጥር የሚብሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አምፕሊፋየሮች ተከታትለው ከሦስት ባይበልጡ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ የራሱን ጫጫታ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚያውክ ረብሻ፣ ይጨምራል። የመስመሩ መጨረሻ በ75 ኦም መዝጊያ ይዘጋ፤ ክፍት ከተተወ ሲግናሉ ወደ ኋላ እየተመለሰ አንዳንድ ቻናሎችን ያበላሻል።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት፦ በአንድ ቤት ስም የተከፈለበትን ካርድ ለመንደር ማከፋፈል ውል ማፍረስ ነው፤ ነፃ ቻናሎችንም እንኳ መልሶ በገመድ ለማሰራጨት ብዙ አገሮች ፈቃድ ይጠይቃሉ። ዕቃ ከመግዛት በፊት ይህን ጨርሱ።

ጥያቄ፦ ሪሲቨሬ የሲግናል ጥንካሬ 80 በመቶ ያሳያል፣ ኳሊቲው ግን ዜሮ ነው። ዲሹን ብዙ አዟዟርኩት።

መልስ፦ ጥንካሬውን ይርሱት። ኤል ኤን ቢው ወደ ባዶ ሰማይ ቢዞርም ያን ቁጥር ሊሰጥዎ ይችላል፤ የሚያሳየው በአብዛኛው የኤል ኤን ቢውን የራሱን ጫጫታ ነው። ማየት ያለብዎ ኳሊቲውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ምሰሶው ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ያረጋግጡ። ምሰሶው ካዘመመ ዲሹን ወደ ጎን ባዞሩ ቁጥር ከፍታውም ይለወጥና ሁለቱ ተደባልቀው መላቅጡ ይጠፋዎታል። ከዚያ ሪሲቨሩ ውስጥ የኤል ኤን ቢውን ዓይነት ይመልከቱ፤ የሚጻፈው ቁጥር ኩ ባንድ (Ku) በሚባለው የሳተላይት ፍሪኩዌንሲ ክልል ለሚሠራ ዩኒቨርሳል ኤል ኤን ቢ 9750 እና 10600፣ በሲ ባንድ (C) ለሚሠራው ደግሞ 5150 መሆን አለበት። ይህ ከተሳሳተ ዲሹ በትክክል ቢያይም ኳሊቲ አይመጣም። የሚሞክሩበትን ፍሪኩዌንሲም እየሠራ መሆኑን ከሚያውቁት ጎረቤት ይውሰዱ።

በ90 ሴንቲሜትር ዲሽ ላይ ጠርዙ ከመሃሉ አንጻር 8 ሚሊሜትር ሲንቀሳቀስ ዲሹ አንድ ዲግሪ ዞረ ማለት ነው። የዲሹ ዕይታ ደግሞ ከሁለት ዲግሪ ብዙም አይሰፋም። ስለዚህ ከፍታውን በአንድ ልክ ላይ አጽንተው ይያዙና ዲሹን ወደ ጎን እጅግ በዝግታ ያዙሩ፤ ሪሲቨሩ ሲግናሉን ለመያዝ ጥቂት ሴኮንድ ስለሚፈልግ በየሁለት ሚሊሜትሩ ይቁሙ። ካልተገኘ ከፍታውን አንድ ዲግሪ ይለውጡና ይድገሙ። ኮምፓስ የሚጠቀሙ ከሆነ ከብረት ምሰሶና ከቆርቆሮ ጣሪያ ራቅ ብለው ይለኩ።

ኳሊቲ ከመጣ በኋላ ሆሪዞንታል ቻናሎቹ ብቻ ከጎደሉ ገመዱን ይጠርጥሩ። ኤል ኤን ቢው ቨርቲካልን በ13፣ ሆሪዞንታልን በ18 ቮልት ይለያል። ረጅም ገመድ፣ በተለይ መሃሉ መዳብ የተቀባ ብረት የሆነው፣ ቮልቱን ይበላል፤ 18ቱ ወደ 15 ሲጠጋ ኤል ኤን ቢው 13 የተላከለት ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለተወሰኑ ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል።

መልስ፦ ምንም አይንኩ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት አካባቢ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፤ ዲሹ የእሷንም ጨረር ስለሚሰበስብ የሳተላይቱ ሲግናል ይዋጣል። ከቀናት በኋላ በራሱ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የመብራት መስመር የለንም። ባለ 24 ኢንች ቴሌቪዥንና ሪሲቨር በሶላር በቀን አራት ሰዓት ለማየት ምን ያህል ባትሪና ፓነል ይበቃል?

መልስ፦ በቀጥታ በ12 ቮልት ዲሲ የሚሠራ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ይምረጡ፤ ኢንቨርተር (የባትሪውን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚለውጠው መሣሪያ) ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም ኃይል ይበላል። ቴሌቪዥኑ 25 ዋት፣ ሪሲቨሩ ከነኤል ኤን ቢው 12 ዋት ቢወስዱ፣ በአራት ሰዓት 150 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ከ12 ቮልት ባትሪ 12.5 አምፒር ሰዓት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት 25፣ አንድ ደመናማ ቀን እንዲያሻግር ደግሞ 50 አምፒር ሰዓት ይግዙ። የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም፤ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ እያለ ለመውረድ ስላልተሠራ ዕድሜው ያጥራል። ፓነሉ በጥሩ ፀሐይ 45 ዋት ይበቃዋል፤ ለደመናማው ወቅት ግን 80 ያድርጉት።

ባትሪ ሲሞላ ቮልቱ እስከ 14.4 ይደርሳል። የቴሌቪዥኑ ጀርባ 12 ቮልት ብቻ ይላል ወይስ ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል አለው? ክልል ከሌለው መሃል ላይ 12 ቮልት የሚያጸና ማስተካከያ ያስገቡ። ገመዱ 10 ሜትር ከሆነ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ይጠቀሙ፤ በ1.5 ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዲሽ ሳንተክል ከሩቅ ማሰራጫ በአየር አንቴና ዲጂታል ቻናሎችን ማግኘት እንችላለን?

መልስ፦ መሃል ላይ ተራራ ከሌለ። የሁለቱን አንቴናዎች ቁመት በሜትር ወስዳችሁ የየአንዳንዱን ስኩዌር ሩት ደምሩና በ4.12 አባዙት፤ ማሰራጫው 100 ሜትር፣ የእናንተ 9 ሜትር ቢሆን 54 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ዛፍና ኮረብታ ይቀንሱታል። አምፕሊፋየሩን ከአንቴናው ሥር እንጂ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አታድርጉት፤ ገመዱ ያዳከመውን ሲግናል ከነጫጫታው ማጉላት አይጠቅምም። ምሰሶውን በሲሚንቶ ከማጽናታችሁ በፊት አንቴናውን በረጅም እንጨት ይዛችሁ አንድ ሁለት ሜትር ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ሞክሩ፤ ከኮረብታ በሚመለሱ ሲግናሎች ምክንያት በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል።