ካሜራ ፊት ካልመሰከርኩ ክህደት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደብረ ሲና ነው። የሚጥል በሽታ ለዓመታት ሲያሠቃየኝ ኖሯል። አምና ጸበል ገብቼ ተጠመቅሁ፣ የሆስፒታሉንም መድኃኒት አላቋረጥኩም። እግዚአብሔር ይመስገን ከዚያ ወዲህ ጥሎኝ አያውቅም። አሁን የጸበሉ አስተባባሪዎች ማይክ ይዘሽ ካሜራ ፊት መስክሪ አሉኝ፤ የመድኃኒቱን ነገር ግን አታንሺ ብለውኛል። ባለቤቴ አርፈሽ ተቀመጪ ይላል። አማቴ ደግሞ የእግዚአብሔርን ሥራ የደበቀ ይጠየቅበታል ይላሉ። ዝም ብል ክህደት ይሆንብኛል? የጥንት ክርስቲያኖችስ እንዴት ነበር የሚመሰክሩት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ! መጀመሪያ አንዱን ልገላገለው፤ ካሜራ ፊት አልቆምም ማለት ክህደት አይደለም። በጥንት ዘመን ክህደት የሚባለው ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ክርስቲያን ነህ ወይ ሲባል አይደለሁም ያለ እንደሆነ ነው። አንቺን እንደዚያ ብሎ የጠየቀሽ የለም። መድኃኒቱን ደግሞ ሐኪምሽ ሳይነግርሽ እንዳታቆሚ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል። እየተጠመቁ ኪኒን መዋጥ ነውር የለበትም።

አማትሽ ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ሉቃስ 17 ላይ ከነጹት ዐሥር ለምጻሞች አንዱ ብቻ ተመልሶ ሲያመሰግን ጌታ ዘጠኙስ ወዴት አሉ ብሏል። ግን ጌታ የፈወሳቸውን ሁሉ አንድ ዓይነት ትእዛዝ አላዘዛቸውም። ማርቆስ 1 ላይ ያለውን ለምጻም ለማንም አትናገር፣ ሄደህ ራስህን ለካህን አሳይ አለው። (ሰውየው አላስቻለውም፣ ወጥቶ አወራ፤ ጌታም ከዚያ በኋላ ተገልጦ ወደ ከተማ መግባት አቃተው።) ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ሌጌዎን የወጣለት ሰው አብሬህ ልሂድ ብሎ ሲለምነው ወደ ቤትህ፣ ወደ ዘመዶችህ ሂድና የተደረገልህን አውራላቸው ብሎ መለሰው። አንዱን ወደ ካህን፣ አንዱን ወደ ዘመድ። ለምጹ መንጻቱን መርምሮ የሚያውቀው ካህኑ ነው። ያኛው ሰውዬ በመቃብር ሲያድርና ሰንሰለት ሲበጥስ ያዩት ደግሞ የአገሩ ሰዎች ናቸው። እነሱን መሸወድ አይቻልም!

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ መንገድ ነው የሄደችው፤ የሚናገረው ማን ነው፣ የሚያውቀውስ ማን ነው ትላለች። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ125 አካባቢ ቆድራጦስ የሚባል ክርስቲያን ለሮሙ ንጉሥ ለአድርያኖስ የመከላከያ ጽሑፍ አቀረበ። ጽሑፉ ጠፍቶ የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ የጠቀሳት ጥቂት መስመር ብቻ ተርፋለች። ምን ትላለች መሰለሽ፤ ጌታ የፈወሳቸውና ከሞት ያስነሣቸው ሰዎች በተፈወሱበት ቀን ብቻ የታዩ አይደሉም፣ ከዚያም በኋላ ኖረዋል፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል ትላለች። ማለትም ሄዶ ማየት ለፈለገ ሰዎቹ ነበሩ። የአንድ ቀን ቪዲዮ ይህን አያሳይም። ልቅሶና እልልታው ይቀረጻል፣ ላይክና ሼሩ ይጎርፋል፣ በዓመቱ ሰውየው እንዴት ዋለ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

የራሳችንን ታሪክ ውሰጂ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ማለት ፍሬምናጦስ፣ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር ከጢሮስ መጥቶ በልጅነቱ አክሱም ቤተ መንግሥት እንደገባ የምናነበው ከምን ላይ ነው? ሩፊኖስ የሚባል ጸሐፊ በ402 ገደማ ከጻፈው ላይ ነው። እሱም ይህን የሰማሁት ከሰው ወሬ አይደለም፣ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ነው ይላል። ኤዴስዮስ በአክሱም ለንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ነበር፣ በኋላ አገሩ ገብቶ በጢሮስ ቄስ ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ። እንግዲህ ይህ ትልቅ ታሪክ በአብዛኛው የቆመው በዓይኑ ያየውን በተናገረ በአንድ ሰው ቃል ላይ ነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ፤ መድኃኒቱን አታንሺ ወዳሉሽ። በ203 ሰሜን አፍሪካ ውስጥ፣ በካርታጎ ከተማ፣ ጰርጴቱዋ የምትባል ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት እመጫት በክርስትናዋ ታሰረች። ከመገደሏ በፊት እስር ቤት ሆና የጻፈችው ዛሬም ይነበባል። እንደኛ ዘመን ሰው ብትሆን ምንም አልፈራሁም፣ ጸጋው ሞላብኝ ብላ በጀመረች ነበር። እሷ ግን እንዲህ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅም፣ ደነገጥኩ ትላለች። ሙቀቱንና ግፊያውን ትናገራለች፣ የሕፃኗ ነገር አንጀቷን እንደበላው ትናገራለች። ዲያቆናት ለጠባቂዎቹ ገንዘብ ሰጥተው ለጥቂት ሰዓት ሻል ወዳለ ክፍል ሲያስወጧት መጀመሪያ ያደረገችው በረሃብ የዛለውን ልጇን ማጥባት ነው። በኋላ ልጁ አብሯት እንዲያድር ሲፈቀድላት እስር ቤቱ ቤተ መንግሥት ሆነልኝ ብላ ጻፈች። ጉቦውን እንኳ አልደበቀችም! ሰማዕትነቷ በዚህ ቀነሰ ወይ? እኔ እንዲያውም የማምናት ለዚህ ነው።

አንቺም ጸበሉንም መድኃኒቱንም ብታነሺ ከእግዚአብሔር ሥራ ምንም አይጎድልም። ሳታነሺ ብትቀሪ ግን ያን ቪዲዮ አይታ ኪኒኗን ጓሮ የምትጥል ሌላ እህት ትኖራለች። ስለዚህ ለአስተባባሪዎቹ ቁርጡን ንገሪያቸው፤ እናገር ከሆነ ሁሉንም እናገራለሁ፣ ካልሆነ ይቅርብኝ በያቸው። ከተቆጡ ይቆጡ።

ደግሞ ምስክርነት ያለ ካሜራ አይሆንም ያለ ማን ነው? እኛ አገር ስለት አለ። ለንግሥ ጥላ ወይ መጋረጃ ስታስገቢ እገሊት ስለቷ ሰምሮላት ይህን አስገብታለች ተብሎ ይነገራል፣ ሕዝቡ እልል ይላል፣ አለቀ። የሚሰማሽ ስትወድቂ አይቶ ውኃ ያቀበለሽ ጎረቤት ነው። ወይም በማኅበርሽ ቀን፣ ጠላውና ዳቦው ቀርቦ ሰው ሰብሰብ ባለበት፣ የሆነውን እንደሆነው አውጊያቸው። ተአምር ለሰው መንገር ለሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (በእኛ 1426–1460 ዓ.ም.) ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙ ንጉሥ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለቅሽ። ከመሰከርሽ በኋላ ሰው ጸልዪልን፣ ምከሪን እያለ ደጅሽን ያጣብበው ይሆናል። ይህም የቆየ ፈተና ነው። በ250 ንጉሥ ዳኬዎስ ሁሉም ሰው ለጣዖት እንዲሠዋ አዘዘ፤ የሠዋ ወረቀት ይሰጠዋል፣ አንዳንዱም ሳይሠዋ ወረቀቷን ይገዛል። ከእነዚህ ወረቀቶች ጥቂቶቹ ግብፅ ውስጥ ተገኝተዋል። እምቢ ብለው የታሰሩት ክርስቲያኖች እንደ ቅዱሳን ታዩ። ከዚያ የካዱት ሰዎች እየሄዱ የይቅርታ ደብዳቤ ያጽፏቸው ጀመር። የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስ ክብራቸውን ሳይነካ፣ መከራ መቀበል ግን የንስሐን ሥርዓት የመዝለል ሥልጣን አይሰጥም ብሎ ቆመ። እሱ ራሱ በ258 አንገቱን ተሰይፏል። አንቺም ሲመጡብሽ ወደ ንስሐ አባታቸው ምሪያቸው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፕሮቴስታንት የሆነ የዶርም ጓደኛዬ ረቡዕና ዓርብ መጾምን መነኮሳት በመካከለኛው ዘመን የፈጠሩት ነው ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ግማሹን ልክ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጹሙ የሚል ጥቅስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ፈልግ ቢልህ አታገኝም። የመካከለኛው ዘመን ያለው ግን ስህተት ነው። ዲዳኬ የሚባል የሐዋርያት ትምህርት አለ፣ በአንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈ፤ በ1873 ቁስጥንጥንያ ውስጥ ብሪዬንዮስ በሚባል ሊቅ እጅ ተገኝቶ በ1883 ታተመ። እሱ ላይ ሰኞና ሐሙስ ከሚጾሙት ጋር አትጹሙ፣ እናንተ ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ይላል። በ311 የተሰየፈው የእስክንድርያው ጴጥሮስ፣ እኛ ተፍጻሜተ ሰማዕት የምንለው፣ ምክንያቱንም ጽፏል፤ ረቡዕ ጌታን ለመያዝ የተማከሩበት፣ ዓርብ መከራ የተቀበለበት ስለሆነ ነው ይላል። ቄስህ የሚነግሩህም ይህንኑ ነው። መነኮሳቱ ገና ሳይበዙ ማለት ነው።

ይችው ዲዳኬ ስለሚዞሩ ሰባኪዎችም ቀልድ አታውቅም። ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሐሰተኛ ነው፣ ሲሄድ ከስንቅ ዳቦ በቀር አይያዝ፣ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው ትላለች። ይቺን ለጓደኛህ አንብብለት፣ ሁለታችሁም የምትስማሙባት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከመንዝ። ክርስትና አገራችን የገባው በጃንደረባው ነው ወይስ በአባ ሰላማ?

መልስ፦ የሐዋርያት ሥራ 8 ጃንደረባው ተጠምቆ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ ብሎ ያቆማል። የጃንደረባው ንግሥት ህንደኬ የሚለው ስም የመርዌ፣ ማለት የዛሬው ሱዳን ውስጥ የነበረው መንግሥት፣ ንግሥቶች ማዕረግ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ጃንደረባው የኛው ነው ትላለች። ጳጳስና ሥርዓት ያለው ቤተ ክርስቲያን ግን የቆመው በአራተኛው መቶ ዓመት በአባ ሰላማ ነው። በንጉሥ ኢዛና ሳንቲም ላይ መጀመሪያ ጨረቃና ፀሐይ ነበሩ፣ በኋላ መስቀል ገባ። በ356 ገደማ የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ፍሬምናጦስን ለምርመራ ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ ብሎ ጽፎ ነበር፣ አትናቴዎስን በአርዮሳዊ ጳጳስ ከተካው በኋላ። ያ ደብዳቤ ዛሬ የሚነበበው ራሱ አትናቴዎስ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስለገለበጠው ነው።