ፕሮግራሙን ከመክፈታችሁ በፊት

ሰማይ ማየት ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

አዲስ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የፈነዳ ኮከብ፣ ተገኘ ሲባል ልባችሁ እንደሚዘል አውቃለሁ። የእኔም ይዘላል፣ በዚህ ዕድሜዬ። ስፔክትረሙ (ብርሃኑ በየቀለሙ ተበትኖ) እንደደረሰ ግን ሁላችሁም የምትሮጡት ወደ ማመሳከሪያው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከድሮ ስፔክትረሞች ጋር እያስተያየ ወዲያው የዓይነቱን ስም ይሰጣችኋል። አልጠላውም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ቆይ! መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩት።

ከሃይድሮጂን ጀምሩ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሚንኮቭስኪ በ1941 እ.ኤ.አ. ሱፐርኖቫዎችን ለሁለት የከፈለው በዚሁ ነው፤ ሃይድሮጂን ካለ ዓይነት 2፣ ከሌለ ዓይነት 1። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የሃይድሮጂን መስመር በሚወድቅበት 656.3 ናኖሜትር ላይ መርፌ የመሰለ ቀጭን ጫፍ ብታዩ አትቸኩሉ። ፍንዳታው የወረወረው ሃይድሮጂን በሰከንድ ሺህ ኪሎሜትሮች ስለሚበር መስመሩ ተለጥጦ ሰፊ ጉብታ ይሆናል። ቀጭኑ ብዙ ጊዜ ሱፐርኖቫው ካለበት ጋላክሲ ጋዝ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም፤ ኮከቡ ከመፈንዳቱ በፊት ራሱ የተፋው ጋዝም እንዲህ ያበራል። ያኔ 2ኤን የሚባለው ነው፣ የሚጣል ነገር አይደለም።

ሃይድሮጂን ከሌለ ሲሊከንን ፈልጉ። መስመሩ በላቦራቶሪ 635.5 ላይ ነው። በዓይነት 1ኤ ላይ ግን፣ ድምቀቱ ጫፍ በደረሰበት ሰሞን፣ 615 አካባቢ ጉድጓድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በመጀመሪያ የጋላክሲውን ሬድሺፍት (ጋላክሲው ስለሚርቅ መስመሮቹ ወደ ቀይ መፈቀቃቸውን) አስተካክሉ እንጂ! ያ የ20 ናኖሜትር ፈቀቅታ ጋዙ ወደ እኛ በሰከንድ 10,000 ኪሎሜትር ገደማ እየመጣ ነው ማለት ነው። እርሳስ ይዛችሁ ራሳችሁ አስሉት፤ ደስ ይላል።

ሲሊከኑ ከደከመ፣ ሂሊየም ካለ 1ቢ፣ እሱም ከሌለ 1ሲ። እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ድምቀቱ ጫፍ ላይ ያለ 1ሲ፣ ጫፉን አልፎ መደብዘዝ የጀመረ 1ኤ ይመስላል። ፕሮግራሙ ሁለቱንም በተቀራራቢ ነጥብ ያቀርብላችሁና ከላይ ያለውን ትወስዳላችሁ። አትውሰዱ። ብርሃኑ ገና እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ጋላክሲውስ አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱበት ነው ወይስ ያረጀ ሞላላ? በሞላላው ውስጥ 1ሲ ማግኘት ብርቅ ነው። ይህ የስም ጭቅጭቅ አይደለም፤ የጠፈርን ርቀት የምንለካው በ1ኤ ነው። የሕዋው መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ በ1998 እ.ኤ.አ. የታወቀው በእነሱ ነው። አንድ 1ሲ ሾልኮ ቢገባ ልኬቱን ያበላሻል።

687 እና 760 ላይ ጉድጓድ ካያችሁ ደግሞ አትደነቁ። የራሳችን አየር ኦክስጅን ነው። (አዲስ ነገር መስሏቸው ስም ሊያወጡለት የተዘጋጁ ወጣቶች አይቻለሁ።)

በጣም ቶሎ የተነሳ ስፔክትረም አንዳንዴ ሰማያዊና ልሙጥ ነው፣ ምንም መስመር የለውም። ያኔ «ወጣት፣ ዓይነት 2 ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ጻፉ፤ ነውር የለውም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ ስፔክትረም ጠይቁ። በጋላክሲ ኤም 81 የፈነዳው ሱፐርኖቫ 1993ጄ መጀመሪያ ሃይድሮጂን አሳይቶ ዓይነት 2 ተባለ። በሳምንታት ውስጥ ግን ሂሊየሙ ብቅ አለ። የኮከቡ የሃይድሮጂን ሽፋን በጣም ስስ ነበርና 2ቢ የሚለው ምድብ ተሰጠው። የቴሌስኮፕ ሰዓት የሚመድቡት ሰዎች «ደግሞ ሁለተኛ?» ብለው ካጉረመረሙ፣ 1993ጄን ጥቀሱላቸው።