ክረምቱን የቆመ ካራቫንና የእርሳስ ቀዳዳ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የምንኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ አቅራቢያ ነው። እኔና ወንድሜ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ማደሪያ አለን፤ ካራቫን የሚሉትን ማለቴ ነው። ሁለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የእቃ ማጠቢያ አለው። ወንድሜ ከመስከረም እስከ ግንቦት በላንድክሩዘር እየጎተተ እንግዶችን ወደ አዋሽና ወደ ባሌ ይዞበት ይወጣል። ክረምቱን ግን ግቢያችን ውስጥ፣ ግንቡ ሥር ካለው የአቮካዶ ዛፍ አጠገብ ቆሞ ይከርማል።

አምና ጳጉሜን ላይ ስንከፍተው የአልጋው ስፖንጅ ተቦጫጭቆ፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረች አንድ ፌስታል በሶ ተበትና አገኘን። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አጸዳን፤ ናፍታሊን በተንን፤ እናታችን ጤና አዳም አንጠለጠለች፤ በርበሬም አጠንን። ዘንድሮ ሐምሌ ሳይጋመስ ጣሪያው ላይ ሲሯሯጡ ሰማን። ወንድሜ መንገድ ላይ ከሚሸጡት መርዝ ገዝቼ እገላግላችኋለሁ ብሏል። እኔ ግን የአራት ዓመት ልጄ እዚያ ውስጥ መጫወት ስለምትወድ ፈራሁ። ምን ይመክሩናል?

የ. ሥ.፣ ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መርዙ ገና ካልተገዛ ወንድምሽን አስቁሚው፤ ተገዝቶም ከሆነ እሽጉ እንዳይከፈት። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ከቀዳዳው ልጀምር፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለችው ጋራዤ ሻንሲ ሥር ተኝቼ በኖርኩባቸው ዓመታት ያየሁት፣ ቀዳዳው ሳይደፈን አይጥ የለቀቀው ተጎታች የለም።

አዲስ እርሳስ አንድ ያዢ። እሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ለቤት አይጥ በር ነው። ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ጭንቅላቷ ካለፈላት ሌላው ገላዋ ተለጥጦ ይከተላታል። ለአይጠ መጎጥ ደግሞ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃል። እናንተ ጣሪያ ላይ ሲሯሯጡ ሰማን ካላችሁ፣ ከአቮካዶው ቅርንጫፍ የሚወርደው ጥቁሩ አይጠ መጎጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ዛፍና ገመድ መውጣት ያውቅበታል። ኩሳቸውን እዩት። የሩዝ ፍሬ የምታህል ከሆነች የቤት አይጥ ናት፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ አይጠ መጎጥ ነው። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

አሁን ቀዳዳውን እንፈልግ። ዝናብ በሌለበት ማታ የካራቫኑን መብራት ሁሉ አብሪና በሩን ዝጊ። ከዚያ ማዳበሪያ አንጥፋችሁ አንዳችሁ ከሥሩ ግቡ፤ ባትሪ አታብሩ፤ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ከወለሉ በታች ብርሃን ጭል ጭል የሚልበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ይከበብ። እኔ በዚህ ዘዴ ከአንድ ተጎታች ሥር አሥራ አንድ ቀዳዳ ቆጥሬያለሁ፤ ባለቤቱ ደግሞ “ሁሉንም ደፍኜዋለሁ” ብሎኝ ነበር።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እቃ ማጠቢያው ሥር ነው። መሳቢያውን አውጥተሽ ጎንበስ ብለሽ ተመልከቺ። ቆሻሻ ውኃ የሚወርድበት ቱቦ ወለሉን የሚበሳበት ቀዳዳ ሁልጊዜ ከቱቦው ይሰፋል፤ ሠራተኛው ቱቦው ቶሎ እንዲያልፍለት ነው አስፍቶ የሚቆርጠው። በዚያ ዙሪያ የቅባት የመሰለ ጥቁር እድፍ ካየሽ የአይጥ መንገድ ነው፤ ከፀጉራቸው የሚቀር ቅባት ነው። ከዚያ የኤሌክትሪኩ ገመድ የሚገባበትን፣ ከፓራፋንጎው (ከጎማው ጭቃ መከላከያ) ውስጥ የወለሉ ኮምፐርሳቶ፣ ማለትም ስሱ ጣውላ፣ ከብረቱ ሻንሲ ጋር የሚጋጠምበትን፣ ከጋንቾው (ከመጎተቻው መንጠቆ) በላይ ያለውን የፊት ሳጥን፣ የበሩንም ጎማ ተመልከቱ። ጥርጣሬ ካላችሁ ማታ ወለሉ ላይ ስስ አመድ ነስንሱ፤ ጠዋት ኮቴያቸው የሚመላለሱበትን ያሳያችኋል።

ለመድፈኛ የማይዝግ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ግዙ። አጥብቃችሁ ጠቅጥቁትና በላዩ ሲሊኮን አልብሱት። ተራው የብረት ሽቦ በአዲስ አበባ ክረምት ዝጎ ይረግፋል። የሚነፋውን ፎም ብቻውን የምታምኑ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ በአንድ ሌሊት ቦርቡረው ያልፋሉ፤ ፍርፋሪውንም ለጎጆ ይጠቀሙበታል። ጣት የሚያስገባውን ቀዳዳ በላሜራ ሸፍኑትና በሪቬት ምቱት። ወንድምሽ ትራፓኖ ካለው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ጋዝ ባለበት ካራቫን ወለሉ ላይ ወይም ከታች ጎኑ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ መተንፈሻ አለ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለል ላይ ይተኛል፤ በዚያ መተንፈሻ ነው የሚወጣው። እሱን በሲሊኮንም በላሜራም እንዳትደፍኑት። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ብቻ ይልበስ።

ስለ ጋዝ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ዓመት መስከረም ላይ አንድ ደንበኛዬ ተጎታቹን ለመንገድ አዘጋጅልኝ ብሎ አመጣልኝ። ምድጃው በላዩ ሲያዩት ጽድት ያለ ነበር። ልማዴ ስለሆነ የሳሙና አረፋ በስፖንጅ አድርጌ የጋዙን ጎማ ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባሁት፤ ከዚያ ሲሊንደሩን ለቅጽበት ከፈትኩት። ከምድጃው ጀርባ፣ እጅ እንጂ ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ አረፋው እንደ ፊኛ ተነፋ። ቱቦውን ነቅዬ ሳየው ሁለት ጥርሶች ጎን ለጎን ያረፉበት ጠባሳ አለ፤ በጣም ትንሽ። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ ስለዚህ ባይርባትም ስትቦረቡር ትኖራለች። ያ ሰው በማግስቱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሊወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክረምት የቆመ ካራቫን በአረፋ ሳልፈትሽ ከጋራዤ አስወጥቼ አላውቅም። እናንተም ከመስቀል በኋላ የመጀመሪያውን ጉዞ ስትነሱ እንዲህ አድርጉ። ቱቦው ጭረት ካለበት በናስትሮ አይጠቀለልም፤ ይቀየራል።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ያቺ አንድ ፌስታል በሶ ክረምቱን ሙሉ ቀልባቸዋለች። ቆሎ፣ ሽሮ፣ ስኳር፣ ሻማና ሳሙና ሳይቀር ከካራቫኑ ይውጣ። ለጉዞም ጊዜ ቢሆን ፌስታልና ካርቶን ይቅር፤ ክዳኑ ግጥም የሚል የዱቄት ወተት ጣሳ ይሻላል። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱንና ሶፍቱን ወደ ቤት አስገቡ፤ ጎጆ የሚሠሩት በዚያ ነው። አይጥ ለሦስት ሳምንት አርግዛ አምስት ስድስት ልጅ ትወልዳለች፤ ልጆቿም በስድስት ሳምንታቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ሰኔ አንድ ላይ የገቡ ባልና ሚስት፣ እናንተ ጳጉሜን ላይ በሩን ስትከፍቱ የልጅ ልጅ አይተዋል።

ካራቫኑንም ከግንቡ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። ከሥሩ ያለው ሣር ይታጨድ፤ ጣሪያው ላይ የተጋደመው የአቮካዶ ቅርንጫፍ ይቆረጥ። ሰፈራችሁ ወንዙ አጠገብ መሆኑም አያግዛችሁም። በዚያ ላይ ቤት በፈረሰ ቁጥር አይጡ ወደሚቀጥለው አጥር ይሻገራል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ በዚያ ሰሞን ወደ ጋራዤ ከመጡት መኪኖች ስንቱ ሽቦው ተበልቶ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ዘንድሮ የበዛባችሁ በስንፍናችሁ እንዳይመስልሽ።

ቀዳዳው በሚደፈንበት ቀን ወጥመዱም ይጠመድ፤ አለዚያ ውስጥ ያሉትን ቆልፋችሁባቸው ሞተው ይሸታሉ። ለአንድ ካራቫን ስድስት ያህል የእንጨት ወጥመድ ያስፈልጋል። አይጥ መሐል ሜዳ አትወጣም፤ ግድግዳ ታካ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ወጥመዱ ግድግዳውን በአፉ ይንካ፤ ማባበያው ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ይሁን። ማባበያው ከባቄላ ፍሬ ያነሰ የለውዝ ቅቤ ነው፤ ሲበዛ ልሳው ትሄዳለች። አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ይፈራል። ለእሱ ሁለት ሦስት ቀን ወጥመዱን ሳትወጥሩ ማባበያውን ብቻ አስለምዱት፤ ከዚያ ወጥሩት። ልጅሽ በዚያ ሰሞን ወደ ካራቫኑ አትጠጋ። ማስቲሽ ያለበትን ካርቶን ግን አልመክርም፤ እንስሳው ሌሊቱን ሙሉ እየተሠቃየ ያድራል፤ ለልጅም ማየቱ ጥሩ አይደለም።

ናፍታሊኑን ለቅማችሁ አውጡት። አይጥ ይለምደዋል፤ ተዘግቶ በሚከርም ጠባብ ቤት ውስጥ የሚጎዳው የሚተኛበትን ሰው፣ በተለይም ሕፃኑን ነው። ጤና አዳሙ ጉዳት የለውም፤ እናታችሁ ደስ ካላት ይንጠልጠል፤ ቀዳዳ ግን አይደፍንም።

አሁን ወደ መርዙ። ብዙው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ እያደረገ ነው የሚገድለው፤ የበላችው አይጥ ቀናት ቆይታ ነው የምትሞተው፤ የምትሞተውም በማይደረስበት ቦታ ነው። በወጣትነቴ እኔው ራሴ አንድ ተጎታች ውስጥ አስቀመጥኩ። አይጧ ከግድግዳው ኮምፐርሳቶ ጀርባ ሞተች። ሽታው ባለቤቱን አባረረው፤ ግድግዳውን በሙሉ ፈታሁት። በዚያው ሳምንት የጎረቤቴ የአንዲት እናት ድመት በአፍንጫዋ ደም እየወጣ ሞተች፤ የተመረዘ አይጥ በልታ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ሆነ። እኚያ እናት ድመቷን አቅፈው ጋራዤ በር ላይ የቆሙት ዛሬም ይታየኛል።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ለእህል ማከማቻ የሚሆን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል በየመንገዱ እንደ አይጥ መርዝ ሲሸጥ አያለሁ። ያ እንክብል የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቅቃል። ጋዙ ሰው ይገድላል። እንደ ካራቫን ጠባብ በሆነ፣ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥም ሆነ አጠገቡ ፈጽሞ አይቀመጥም። ወንድምሽ ስም የሌለው እሽግ ይዞ ከመጣ ምን እንደያዘ ማወቂያ የለውም።

መርዝ ይዞ ወደ ባሌም እንዳይሄድ። እዚያ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥ እያደነ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ቢሆኑ ነው። እዚያ ሲያድር ከመሸ በኋላ በሩን ይዝጋ፤ ፍርፋሪ ከካራቫኑ ሥር አይጣል። ይበቃል።

ጽዳቱን ስትጀምሩ ኩሱን በደረቁ እንዳትጠርጉት፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሽንታቸውም ሌፕቶስፒሮሲስን የመሰለ በሽታ ያስተላልፋል። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ለግማሽ ሰዓት ውጡ። ጓንትና ማስክ አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጡ፤ ኩሱንና ጎጆውን በደንብ አርሱት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በሶፍት እየለቀማችሁ በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። በረኪናውን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉት። የተቦጫጨቀው ስፖንጅ አይታጠብም፤ ሌላ ይገዛ። ልጅሽ የምትተኛበት ነውና እዚህ ላይ አትቆጥቢ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ታክሲዬን አራት ኪሎ አካባቢ መንገድ ዳር አሳድራለሁ። አይጥ ሞተር ውስጥ ገብታ ሁለቴ ሽቦ በላችብኝ። ምን ላድርግ?

ባለታክሲ

መልስ

ወንድሜ፣ አይጧ የምትፈልገው ሙቀቱንና ጨለማውን ነው። መኪናዋን ከቆሻሻ ገንዳ አርቀህ አቁማት፤ ግቢ ካገኘህ ኮፈኑን ከፍተህ አሳድረው፤ ብርሃንና ንፋስ ሲያገኘው አይመቻትም። ውስጥ የምትበላትን ቆሎም አታስቀር። የተበላውን ሽቦ በናስትሮ ጠቅልለህ አትለፈው፤ ብየዳ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይቀጥልልህ። ነገ ጠዋት ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ደግሞ የአየር ማጣሪያውን ቤት ክፈተው፤ ጎጆዋን ብዙ ጊዜ የማገኘው እዚያ ነው።