ለአይሪሾች ማዕከል ሐበሻ ይቀጥራሉ ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሶሻል ወርክ ተመርቀሽ በዲቪ ቦስተን ገባሽ። አሁን ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ትንከባከቢያለሽ፤ እሁድ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ታገለግያለሽ። አንድ የአይሪሽ (የአየርላንድ) ስደተኞች ማዕከል «የፓስቶራል (የመንፈሳዊ እንክብካቤ) እና የማኅበራዊ ድጋፍ አስተባባሪ» ብሎ ያወጣውን ክፍት የሥራ ቦታ አይተሽ ልብሽ ሄደ። ባለቤትሽ ግን «እነሱ የራሳቸውን ሰው ነው የሚቀጥሩት፤ አርፈሽ ነርሲንግሽን ተማሪ» አለሽ። አንቺ ደግሞ «ጋሼ፣ ካቶሊክ መሆን አለብኝ እንዴ? ሥራው ራሱስ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አመልክቺ። ግን ምን ውስጥ እንደምትገቢ አውቀሽ ግቢ።

ሥራው በቄስ የተጀመረ ነው። የአየርላንድ ጳጳሳት ለስደተኞቻቸው የሚሠራ አካል ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በዚያ ዘመን አይሪሾች ወደ እንግሊዝ ይጎርፉ ነበር። ወንዶቹ መንገድና ዋሻ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ሆቴልና ሆስፒታል ይሠራሉ። ሊቀድስና ኑዛዜ ሊሰማ የሄደው ቄስ ኪራይ ቤት ሲፈልግ፣ ከአሠሪ ጋር ሲከራከር፣ የሰከረ ሲያነሳ ይውል ጀመር። ከቀን ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ደመወዛቸውን በእጅ ስለሚቀበሉ የጡረታ መዋጮ አልተቆረጠላቸውም። ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ለንደን ውስጥ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩት እነሱ ናቸው። ካምደን ያለው የለንደን አይሪሽ ማዕከል ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሩን ያልዘጋው አለምክንያት አይደለም።

ጳጳሳቱ በ1985 ደግሞ በውጭ አገር የታሰሩ አይሪሾችን የሚከታተል ክፍል አቋቋሙ። በዚህ መስመር አንድ ስም ያዢልኝ፦ ሲስተር ሳራ ክላርክ። ለንደን ትኖር የነበረች የአየርላንድ መነኩሲት ናት፤ በ2002 ዐርፋለች። በ1970ዎቹ በቦምብ ጥቃት የተጠረጠሩ አይሪሾች ሲታሰሩ አገሩ ሁሉ ፊቱን አዙሮባቸው ነበር። እሷ ግን እስር ቤት እየሄደች ትጠይቃቸው፣ ከአየርላንድ የሚመጡ ቤተሰቦቻቸውን ተቀብላ ማረፊያ ትፈልግላቸው ነበር። ከእነዚያ እስረኞች መካከል የጊልድፎርድ አራቱ የሚባሉት በ1989፣ የበርሚንግሃም ስድስቱ በ1991 ፍርዱ ስህተት ነው ተብሎ ተለቀቁ። ስብከት በመስበክ የመጣ ውጤት አይደለም። ደብዳቤ እየጻፈች፣ ፋይል እየያዘች፣ ባለሥልጣን እየነዘነዘች ነው የሠራችው።

ወደ አንቺ አገር እንምጣ። አሜሪካ በ1965 ሕጓን ስትቀይር ቅድሚያውን ለቅርብ ዘመድ ሰጠች። በ1980ዎቹ አየርላንድ ሥራ ጠፍቶ ወጣቱ ሲሰደድ፣ የሚጠራው የቅርብ ዘመድ ያለው ጥቂት ነበር። በጎብኚነት እየገባ ያለ ወረቀት ቀረ። ቦስተንና ኒውዮርክ ያሉት ማዕከላት አብዛኞቹ የተወለዱት ያኔ ነው። ልጆቹ በ1987 ኒውዮርክ ላይ ተደራጅተው ኮንግረስን መወትወት ጀመሩ። በማሳቹሴትሱ ተወካይ በብራያን ዶኔሊ ስም የሚጠራው ቪዛ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1986ቱ ሕግ መጥቶ ነበር። ቀጥሎ የኮኔቲከቱ ብሩስ ሞሪሰን በ1990ው ሕግ ውስጥ ለሦስት ዓመት 48,000 ቪዛ ለአይሪሾች አስቀመጠላቸው። ያ ሕግ ነው ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ ዛሬ ዲቪ የምንለውን ያመጣው። አንቺን ቦስተን ያደረሰሽ ሎተሪ እነዚህ ሰዎች ከገፉት ነገር የወጣ ነው። ኢንተርቪው ላይ ይህን ብታነሺ ጆሯቸው ይቆማል። ብቻ አታርዝሚው፤ የታሪክ ፈተና አይደለም።

አሁን ሥራውን በቅርብ እይው። የአረጋውያን የሻይ ቀን ነው እንበል። ሻይ አለ፣ ኬክ አለ፣ ካርታ ይጫወታሉ። ሁሉም ኮቱን ለብሶ ሲወጣ አንድ የ82 ዓመት ሰው ስኒ እያጠበ ይዘገያል። እጠብ ያለው የለም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ ስትቀሩ ከኮት ኪሱ የታጠፈ ፖስታ ያወጣል። ከሶሻል ሴኩሪቲ (ከአሜሪካ የጡረታ መሥሪያ ቤት) የመጣ ነው። ሦስት ወር አልፎታል፣ አልተከፈተም። ይግባኝ የሚባልበት 60 ቀን አልቋል ማለት ነው። አንቺ ግን በቂ ምክንያት ከቀረበ ዘግይቶም ሊቀበሉ እንደሚችሉ ታውቂያለሽ። አየርላንድ የሠራባቸው ዓመታትም ሊደመሩለት እንደሚችሉ ታውቂያለሽ፤ ሁለቱ አገሮች ከ1993 ጀምሮ የጸና ስምምነት አላቸው። (ለእኛ ሰው እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።)

ስኒ እስኪያጥብ መታገሱ የሥራው ግማሽ ነው። እሱን ነርሲንግ ሆም ተምረሽዋል። ሽማግሌ ችግሩን ቀጥ ብሎ እንደማይነግርሽ፣ ሲነግርሽም እንደሚያፍር አንቺን ማስተማር አያስፈልግም። ሌላው ግማሽ ወረቀቱ ነው። አብዛኛው አመልካች የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁሉም «ሰው እወዳለሁ» ብሎ ይመጣል።

ሌላ ምሳሌ ልስጥሽ። አየርላንዳዊ ለ90 ቀን ያለ ቪዛ መግባት ይችላል። በዚህ መንገድ ገብቶ የቀረ ሰው፣ ጥገኝነት ካልጠየቀ በቀር፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ የመከራከር መብቱን ገና ሲገባ ትቶታል። ይህን የማያውቅ ደግ ሰው «አይዞህ፣ ፍርድ ቤት ትከራከራለህ» ብሎ ያጽናናዋል። ልጁም አምኖት ይቀመጣል።

ስለዚህ ከተቀጠርሽ በኋላ ዓይንሽን የምትጥዪበት ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ካገኘ ስደተኛን ወክሎ መቆም ይችላል። ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው። ከፊሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ጋ ብቻ ያሠራል፤ ሙሉው ፍርድ ቤትም ያስገባል። ብቻሽን ማመልከት አትችይም፤ ዕውቅና ያለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው የሚያመለክትልሽ። እንግዲህ «ማዕከሉ ይህ ዕውቅና አለው ወይ? ሠራተኛስ ያሠለጥናል?» ብለሽ ጠይቂ። አለው ካሉሽ፣ ደሞዙ ትንሽ ዝቅ ቢልም እኔ እገባ ነበር። ያ ፈቃድ ኖሮት አማርኛ የሚናገር ሰው ስንት ይፈለጋል መሰለሽ!

ገንዘቡን ግን ሳትጠይቂ አትፈርሚ። የአየርላንድ መንግሥት ከ2004 ጀምሮ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በኩል ለእንዲህ ያሉ ማዕከላት ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። ቀሪው ከለጋሾችና ከራት ግብዣ መዋጮ ይሞላል። ግራንት ማለት ደግሞ ጊዜው ያልቃል። «ይህ ቦታ በየትኛው ገንዘብ ነው የሚከፈለው? እስከ መቼ?» ማለት ነውር አይደለም። ውለሽ አድረሽ ኃላፊ ስትሆኚ ያንን ሪፖርት የምትጽፊው አንቺ ነሽ። እነዚህን ማዕከላት የሚመሩ ሰዎች ማታ ማታ ምን ይሠራሉ ብትይኝ፣ ኤክሴል ላይ ናቸው።

ካቶሊክነቱን በተመለከተ፣ ቻፕሊን (በተቋም ውስጥ የሚያገለግል መንፈሳዊ አገልጋይ) እና አስተባባሪ አንድ አይደሉም። ቻፕሊን ለመሆን ከሃይማኖትሽ አባቶች ድጋፍ፣ ብዙውን ጊዜም የማስተርስ ዲግሪና ሲፒኢ የሚባለው የተግባር ሥልጠና ይፈለጋል። አንዱ ዙር ብቻ 400 ሰዓት ነው። የላክሽልኝ ማስታወቂያ ይህን አይጠይቅም። «የማዕከሉን የእምነት መሠረት የሚያከብር» ነው የሚለው። ኦርቶዶክስ ነኝ በይ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱንም ሲቪሽ ላይ አስገቢው። የታመመ የጠየቀ፣ ልቅሶ የደረሰ ሰው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። እነሱም የኛ ዕድር የመሰለ ነገር አላቸው። ኬቨን ቤል የሚባል የሰሜን አየርላንድ (የኒውሪ ከተማ) ወጣት በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ በመኪና ተገጭቶ ሲሞት፣ አስከሬኑን ለማምጣት የተዋጣው ገንዘብ ተረፈ። ቤተሰቡ በተረፈው የሌላውን ሰው ልጅ አስከሬን ወደ አገሩ ማድረስ ጀመረ፤ ዛሬ ትልቅ ድርጅት ነው።

«የራሳቸውን ሰው ነው የሚቀጥሩት» ለሚለው፣ ባለቤትሽ ጨርሶ አልተሳሳተም። የአየርላንድን ሰው ጨዋታ የሚያውቅ አመልካች ቢመጣ ይቀድምሻል። ግን አሜሪካ ካሉት ማዕከላት አንዳንዶቹ ዛሬ ከየትም አገር የመጣ ስደተኛ ያስተናግዳሉ፤ አይሪሽ ያልሆነ ሠራተኛ ማየት ብርቅ አይደለም። ብቻ «ሁላችንም ስደተኞች ነን» እያልሽ አትግቢ። ያን ሁሉም ይለዋል። ስንት አረጋዊ እንደምትንከባከቢ፣ ሌሊት ብቻሽን ምን እንደወሰንሽ ንገሪያቸው።

ነርሲንጉን አሁን አትጣዪው። የጀመርሽውን የማታ ኮርስ ጨርሺ። ጎን ለጎን የጎንደሩን ዲግሪሽን አስገምግሚ፤ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤቱ የውጭ ዲግሪ የሚመዝንበት ክፍል አለው። ከተቀበሉት የማሳቹሴትስ የሶሻል ወርክ ፈቃድ በር ይከፈትልሻል፣ ያኔ ከባለቤትሽ ጋር የምትነጋገሩት ስለ ደሞዝ ቁጥር ይሆናል። መንጃ ፈቃድ ከሌለሽ ደግሞ ከዛሬ ጀምረሽ ተማሪ፤ ሥራው ቤት ለቤት መሄድ አለው። ማመልከቻውን ከመላክሽ በፊት ረቂቁን ላኪልኝ፣ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ።