ስንቅ፣ ሳጥንና ፎርም፦ ከገጠር ባሕር ዳር ለምትገቡ ጥያቄና መልስ

ስሜን ተዉት። ሀገሬ አቸፈር ነው፤ ከዱርቤቴ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ጎጥ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ አሁን እዚሁ ከተማ እሠራለሁ። ዘንድሮ የተመደባችሁ ልጆችም ወላጆችም በየተራ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስላችሁ። የሚያሳፍር የሚመስላችሁን ጥያቄ አስቀድሙት፤ ዋናው እሱ ነው።

ከሞጣ፦ "ፔዳ"፣ "ፖሊ" ሲሉ እሰማለሁ። የቱ ጋ ነው የምወርደው?

ዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና ከሱ በኋላ የመጣው የመምህራን ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ነው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። የመምህራኑ ቤት ድሮ የፔዳጎጂ አካዳሚ ይባል ነበርና ስሙ ተቆርጦ ፔዳ ሆኖ ቀረ። ይባብ አለ፣ ዘንዘልማ አለ፣ ሕክምናው ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ነው። ዘንዘልማ ብቻውን ዓባይን ተሻግረህ በጎንደር መንገድ ነው። መናኸሪያ ወርደህ "ዩኒቨርሲቲ አድርሰኝ" ካልከው ባለ ባጃጁ ደስ ያለው ጋ ያወርድሃል። ስለዚህ በጥሪ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የግቢህን ስም ጥራ። "ኮንትራት ነው?" ካለህ "በሰው ነው" በለው።

ከአዴት፦ ምን ምን ልያዝ? እናቴ ቤቱን በሙሉ ልትጭንልኝ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ያለውን አታጉድይ፦ የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕት፣ ከነኮፒው፤ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ዋናውን ማስረጃ ከልብስ ጋር እንዳትጭኚው፣ በእጅሽ ይሁን። ጥሩ ቁልፍ ግዢ፤ ዶርም ውስጥ ሎከር ቢኖርም ቁልፉን የምታመጪው አንቺ ነሽ።

ስንቅን በተመለከተ እናትሽን አትከልክያት። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ በርበሬ። እኔ የእናቴን ቆሎ አፍሬ ሁለት ሳምንት አልጋ ሥር ደብቄው ነበር። አንድ ሌሊት ስናጠና ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ልጅ "ይኼ የተቆላ ሽንብራ ሽታ ከየት ነው?" ብላ አልጋ ሥር ገባች። ከረጢቱ ለወር የታሰበ ነበር፤ በሦስት ቀን አለቀ። ዶርም ውስጥ ስሜን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

አንዲት እናት፣ ከመራዊ፦ ልጄ ሴት ናት፣ ከእጄ ወጥታ አታውቅም። እንቅልፍ አጣሁ።

እናቴ፣ የሴቶች ዶርም ለብቻው ነው፤ ወንድ አይገባም፣ ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች) አሉ። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ መናኸሪያ ላይ "ሲኒየር ነኝ፣ ሻንጣሽን ልያዝልሽ፣ ስልክሽን ስጪኝ" የሚለው። ብዙዎቹ ቅን ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ስልክ ሳትሰጥም ማመስገን እንደምትችል ይንገሯት። ደግሞ ለሞዴስ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይስጧት። ይህን ልጅ ከአባቷ አፍራ አትጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም፣ ብዙ ተቸግሬበታለሁ።

ከሰከላ፦ ከደጋ ነው የምመጣ። ወባ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። የግሽ ዓባይ ልጅ ከሆንክ ዓባይን ከምንጩ ታውቀዋለህ፤ እዚህ ከጣና ሲወጣ ታገኘዋለህ፣ ወባውም አብሮ ይቆይሃል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። አጎበር ያዝ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጀምርህ የፈተና ጭንቀት ነው ብለህ አትተኛ፤ የግቢው ክሊኒክ ሄደህ ደምህን ተመርመር።

ከፎገራ፦ የኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛውንም በአማርኛ ነበር የሚያስተምሩን። ሌክቸሩን እንዴት እከታተላለሁ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከተማው፣ ምግቡ፣ ባጃጁ በወር ይለመዳል። ከገጠር የመጣነውን ልጆች የሚጥለን ይኼ ነው፤ በይበልጥ ደግሞ አለመጠየቃችን።

ሳይኮሎጂ ላይ መምህሩ ደጋግሞ የሚላት አንዲት ቃል ነበረች። እኔ በኛው ፊደል "ሲቲ ሙለስ" ብዬ እጽፋታለሁ። ሲቲ ከተማ ነው፤ እንግዲህ ሙለስ የሚባል ከተማ አለ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አመንኩ። ለካስ ስቲሙለስ ኖሯል፣ ቀስቃሽ ነገር ማለት። ሚድ (የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና) ላይ ከ30 11 አመጣሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ታውቀው ነበር፤ አንድ ቀን ዞር ብል በቂ ነበር።

በኋላ ያዳነኝ ይህ ነው። የነገውን ምዕራፍ ማታ ከሞጁሉ አነበዋለሁ፤ ሰባውን በመቶ ባይገባኝም ቃላቱን በዓይኔ አውቃቸዋለሁ፣ ጠዋት መምህሩ ሲላቸው አይበሩብኝም። በጆሮህ የሰማኸውን በፊደላችን መጻፍ ነውር አይደለም፤ ግን በዚያው ቀን ማታ አንዱን ጠይቀህ አስተካክለው። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ከከበደህ መምህሩ ሲወጣ ተከተለው፣ በአማርኛ ጠይቀው። ከሲኒየሮች ዎርክሺት ሰብስብ። ሎጂክና ጂኦግራፊ ንባብ የሚበዛባቸው ናቸው፤ ለፈተና ሳምንት አታቆያቸው።

እሱው፦ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም።

እኔም። ስሜን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ፊደሎቹ ተበታትነዋል፣ ኤ ከቢ ጋ የለችም። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሚያስቸግርህ።

አንድ አባት፣ ከዳንግላ፦ ልጄ "የወጪ መጋራት" የሚል ውል ትፈርማለች አሉኝ። መሬት ይያዛል?

አይያዝም፣ አባቴ። የእኔም አባት ይህንኑ ነበር የጠየቁት፤ "መሬቱን አስይዘሽ ነው?" ብለው ሁለት ቀን አኮረፉኝ። መንግሥት ካወጣላት ላይ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ከፊሉን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከገቢዋ የምትከፍለው ነው። ዛሬ ከእርስዎ በሬም መሬትም የሚጠይቅ የለም። ቅጂውን ግን ታስቀምጠው፤ ስትመረቅ ይፈለጋል።

ከቢቸና፦ የግቢውን ካፌ ልብላ ወይስ ኖን ካፌ ልሁን (የምግቡን ገንዘብ ተቀብዬ በራሴ ልብላ)?

የመጀመሪያውን ዓመት ካፌ ብላ። ሽሮው ይሰለቻል፣ ግን ሆድህ በወር መጨረሻ አያፍርብህም።

ከይልማና ዴንሳ፦ አነጋገሬ ላይ ይስቃሉ ብዬ እፈራለሁ።

ይስቃሉ። እኔ "ኸዚህ"፣ "ኸዚያ" ስል አንድ የከተማ ልጅ እየተከተለ ይደግመው ነበር። ኅዳር ላይ ሎጂክ አስረጂኝ ብሎ መጣ። አስረዳሁት፤ ሁሉንም በ"ኸ"።

ከደንበጫ፦ ጣና ላይ መዋኘት ይቻላል?

አትዋኝ። ዳር ዳሩ ቢልሃርዝያ አለ፤ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ይተኛል። ዳር ተቀምጠህ አጥና፣ ታንኳውን እይ።

ከዱርቤቴ፦ የሀገሬ ልጅ፣ አባትሽ መጥተው አይተውልሽ ያውቃሉ?

ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሳጥኔን በትከሻ ይዘው። በሩ ላይ ጥበቃው "ዱላውን እዚህ ያኑሩት" አላቸው፤ ሰው ቤት ሲገቡ እንደሚያደርጉት በትሕትና ግድግዳ ላይ አስደግፈው ገቡ። ዶርሙ ፊት ቆመው ወደ ላይ ብዙ አዩ። ስለ ትምህርቱ ምንም አላሉም። "ልጄ፣ ይህን ሁሉ መስኮት ማታ ማታ ማን ይዘጋዋል?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። እስከ ዛሬ ሲደውሉ "አወቅሽ?" ይሉኛል።