ቤንዚኑ ግንፍሌ ገባ፤ ከየት ልጀምር?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ለጄኔሬተር ብዬ በበርሜል ያስቀመጥኩት ቤንዚን ቧንቧው ላልቶ ሲንጠባጠብ ሰንብቷል። ግማሽ በርሜል ያህል ጎድሏል። በግቢው ቦይ አድርጎ ወንዝ ገብቷል። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ይታያል፣ ሠፈሩም ይሸታል። አንዱ በኦሞ እጠበው ይለኛል፣ ሌላው ክብሪት ጫርበትና ተቃጥሎ ይለቅ ይለኛል። የቱን ልስማ?»

ሁለቱንም አትስማ፣ ወንድሜ። ክብሪት ያለውን ደግሞ አሁኑኑ ከግቢ አስወጣው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳን እሳት የሚይዝ ትነት ያወጣል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ብርድ አያድንህም። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። ወደ ሰማይ አይሄድም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ዝቅ ያለው ቦታ የት እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ፤ ወንዙ ነው። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ደግሞ ይብሳል።

እዚያ ታች ማን አለ? ልብስ የሚያጥብ አለ። ድልድይ ሥር የሚያድር አለ። ዳር ላይ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ አለች፤ ከሰሏ ሙሉ ቀን ቀይ ነው። ስለዚህ አካፋ ከማንሳትህ በፊት ውረድና ሰዎቹን ንገራቸው። እሳት ይራቅ፣ ልጆች ይውጡ፣ ከብት አይጠጣ። ከዚያ ለእሳት አደጋ 939 ደውል። ስልኩን ግን ከሽታው ርቀህ ነው የምታነሳው።

ቅጣት ፈርተህ ዝም ማለት እንዳይቃጣህ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ራሱ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ነው የሚለው። ቀድሞ የተናገረና በኋላ የተያዘ ደግሞ እኩል አይታዩም።

ግቢው ውስጥ ብየዳ ይቁም፣ መኪና አይነሳ። መብራት አታብራ፤ የበራውንም አታጥፋ። ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ ብልጭታ አለው። ቆጣሪው ከሽታው ውጭ ከሆነ ብቻ ከዚያ ቁረጥ። በበርሜሉ የቀረውን በእጅ ፓምፕ ወደ ብረት ጀሪካን ገልብጥ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ አይሆንም። ሁለቱን ዕቃዎች ፓምፑን ከመንካትህ በፊት በመዳብ ሽቦ አያይዛቸው። ቤንዚን ሲፈስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ ሽቦው ያንን ያመጣጥናል። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል። የተቃጠለ ማደያ ያየ ግን አይስቅም።

አሁን ወደ ቦዩ። ልብ በልልኝ፣ ወንዙ አይደለም ዋናው የሥራ ቦታህ። ወንዝ የገባ ቤንዚን ቀጭን ስለሆነ አብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይተናል። የሚያሳስበኝ ገና ያልደረሰው ነው። ቀስተ ደመናውን አይተህ ብዙ አትደንግጥ፤ ያ ቀለም የሚታየው ንብርብሩ ቀጭን ሲሆን ነው። አንድ ሊትር ብቻ ከ3,000 ካሬ ሜትር በላይ እንደዚያ ሊያስጌጥ ይችላል። ወፍራሙ ቀለም የለውም። ንጹሕ ውሃ ይመስላል፣ ግን ይሸታል። እሱን ነው መፍራት።

የእሳት አደጋ ሰዎች ትነቱን በመሣሪያ ለክተው «ግባ» ካሉህ በኋላ ቦዩ ወንዙን ከሚነካበት በፊት ትዘጋዋለህ። ማዳበሪያ ጆንያ አፈር ሞልተህ ደርድር፣ ላስቲክ አልብሰው። ሙሉ በሙሉ ግን አትድፈነው፤ ውሃው ሞልቶ በላይ ካለፈ ልፋትህ ከንቱ ነው። ከግድቡ ሥር የአራት ኢንች ፒቪሲ ቧንቧ አሳልፍ። በግቢው በኩል ያለው አፉ ታች ወለሉ ላይ ይሁን፣ በወንዙ በኩል ያለው ከፍ ይበል። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቧንቧው ከሥር ውሃውን ብቻ እየሳበ ያሳልፋል። ቀላል ዘዴ ናት፣ ግን ትሠራለች። ይሄንን ወንዙ ላይ እንዳትሞክረው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ግድብህን ይዞልህ ይሄዳል፣ ወይም ጎረቤትን ያጥለቀልቃል።

ከግድቡ ኋላ የተጠራቀመውን የሚመጥ ነገር ያስፈልግሃል። ውሃ የማይጠጣ፣ ዘይት ብቻ የሚጠጣ ነጭ ምንጣፍ ካገኘህ እሰየው። ካጣህ ጭድ በቀዩ የሽንኩርት መረብ ጆንያ ጠቅጥቀህ በገመድ አስረህ አንሳፍ። ቶሎ ቶሎ ቀይረው፤ ጭድ ቆይቶ ውሃም ይጠጣል። ሰጋቱራ አትጠቀም፣ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል። ማንሆል ውስጥ ግን ለአፍታም ቢሆን አትግባ። የወደቀ ዕቃ ለማንሳት ብለህም።

ኦሞውስ? ኦሞ ቤንዚኑን አያጠፋውም። ከዓይንህ ይሰውረዋል እንጂ። ተንሳፍፎ ሊተን የነበረውን ሰባብሮ ከውሃው ጋር ያደባልቀዋል። የግንፍሌ ውሃ ከቀበና ጋር ተቀላቅሎ ወደ አቃቂ ነው የሚወርደው። እዚያ በዚያ ውሃ ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣሉ። በጎማ ውሃ መርጨትም ያው ነው፤ መግፋት እንጂ ማጽዳት አይባልም።

አሁን ዋናው ነገር፣ አፈሩ። አንድ ጊዜ የአንድ ማደያ ቧንቧ ፈስሶ ተጠራሁ። ቦዩን ዘጋን፣ ቤንዚኑን በጭድ አስመጠጥን፣ በሦስተኛው ቀን ወንዙ ጠራ። እኔም ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ እንደወረደ ሽታው ድልድዩ ላይ ተመልሶ መጣ። ቧንቧው ዙሪያ ያለው አፈር ጠጥቶ ቁጭ ብሎ ነበር። ውሃው ሲገባ ቤንዚኑን ከፍ አድርጎ አወጣው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሳልቆፍር ነው የሄድኩት።

ስለዚህ በርሜሉ ከቆመበት ጀምረህ እስከ ቦዩ ድረስ ቆፍር። በእጅ አካፋ፣ ቀስ ብለህ፣ ነፋሱ ከጀርባህ ሆኖ። እየቆፈርክ አፈሩ መሽተት እስኪያቆም ሂድ። ጥቁር አፈር ከሆነ ስንጥቁን ተከተል፤ ቤንዚን በስንጥቅ ሩቅ ይሄዳል። የወጣውን አፈር ላስቲክ ላይ ከምርና በላስቲክ ሸፍን፣ ዝናብ እንዳይነካው። የራሰውን ጭድ ክዳን ባለው የብረት በርሜል አድርገህ ጥላ ሥር አስቀምጥ። ለቆሻሻ መኪና እንዳትሰጥ፤ አሁንም ቤንዚን ነው። የት እንደሚወገድ የከተማውን አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጠይቅ።

አጠገብህ የጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ ጎረቤት ካለ አሁኑኑ አስቁመው። ቤንዚን ውስጥ ቤንዜን የሚባል ካንሰር የሚያመጣ ነገር አለ (ስማቸው መመሳሰሉ እኔንም ያደናግረኛል)። ውሃ ውስጥ ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው በሊትር 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው። ያን ያህሉን አፍንጫህም ምላስህም አያውቁትም፣ ላቦራቶሪ ነው የሚያውቀው። ማፍላትም መፍትሔ አይደለም፤ ትነቱን ማድ ቤት ውስጥ ትለቀዋለህ።

ግድቡን ሽታው ስለጠፋ ብቻ አታፍርሰው። ሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ ይለፍበት። ከእያንዳንዱ በኋላ የቦዩን ውሃ በጠርሙስ ቀድተህ አሳድረውና ላዩን ተመልከት። ንብርብር ካየህ የቀረ አፈር አለ፣ ተመልሰህ ቆፍር።

የሚቀጥለውን በርሜል ስትገዛ ደግሞ ከሥሩ ቧንቧ ያለውን ተወው። በሰከንድ አንዲት ጠብታ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ነው። ከላይ በእጅ ፓምፕ የሚቀዳ ይሁን፤ ሥሩም በርሜሉን ሙሉ የሚይዝ የብረት ገንዳ አድርግ።